ስዋሂሊው አያስፈራሽ፣ ደብዳቤውን አስቀድሚ

ከባሕር ዳር የጻፍሽልኝ ነርስ እህቴ፣

ታንዛኒያ ያለ አንድ የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ «ስዋሂሊ ተምረሽ ነይ፣ እንቀጥርሻለን» ብሎሻል። አንቺም ሙሶማ አጠገብ፣ ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ባለው የማኮኮ ቋንቋ ትምህርት ቤት አራት ወር ልትማሪ አስበሻል። ትምህርት ቤቱ የካቶሊክ ነው፣ አንቺ ኦርቶዶክስ ነሽ። «ያጠራቀምኳትን ጨርሼ ባዶ እጄን ብመለስስ?» ብለሽኛል።

ለትምህርት ቤቱ ሳንቲም ከመላክሽ በፊት የቅጥር ደብዳቤ በጽሑፍ ተቀበይ። በስልክ «እንቀጥርሻለን» ወሬ ነው። ቀጥሎ የታንዛኒያ የነርሶችና አዋላጆች ምክር ቤት የሙያ ፈቃድ ለመስጠት ምን ማስረጃ እንደሚፈልግ ጠይቂ። ያለ ፈቃዱ ስዋሂሊን እንደ ውሃ ብትጠጪውም መርፌ አትይዢም። የሥራ ፈቃዱን ማን አውጥቶ ማን እንደሚከፍልም ደብዳቤው ላይ ይስፈር።

ቋንቋው ግን ከምትፈሪው ይቀላል። ሰዓታቸው እንደኛው ከንጋት ይቆጠራል። ጠዋት 2 ሰዓት እነሱም «ሳ ምቢሊ» ይሉታል፣ ሁለት ሰዓት ማለት ነው። ፈረንጅ ነርስ የመድኃኒት ሰዓት ስትነግር በስድስት ሰዓት ልትስት ትችላለች፤ አንቺ አትስቺም። «ዳኪካ» ደቂቃ ነው፣ «ዳሙ» ደም፣ «ሱካሪ» ስኳር። «ኒናኩፔንዳ» «እወድሃለሁ» ማለት ነው፤ እንደኛው እነሱም በአንድ ቃል ይሉታል። የሚያታግልሽ የስም ምድቡ ነው። «ኪታቡ» መጽሐፍ፣ «ቪታቡ» መጻሕፍት። ብዛቱ ከፊት ይለወጣል፣ ቅጽሉና ግሱም ይከተሉታል። እሱ ላይ አትቸኩዪ።

እንዲህ ያሉ ትምህርት ቤቶች መጀመሪያ የተከፈቱት ለሚሲዮናውያን ነው። ስለዚህ የጸሎትና የስብከት ቃል ቢበዛ አይግረምሽ። መምህርሽን ቶሎ ብለሽ የታካሚ ቋንቋ ጠይቂው፦ «ኡናኡምዋ ዋፒ?»፣ የት ጋ ነው የሚያምሽ? «ፖሌ»፣ አይዞሽ እንደማለት። አረጋዊ ሲገባ «ሺካሞ» ትያለሽ፣ እሳቸው «ማራሃባ» ይሉሻል። «እርስዎ» እያልሽ ላደግሽው ይህ አዲስ አይደለም።

ሃይማኖቱን በተመለከተ ሳትመዘገቢ ጠይቂ፦ የጠዋት ጸሎት ግዴታ ነው? ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ አለ? (ኡጋሊ የበቆሎ ገንፎ መሳይ ነው፣ ማሃራጌ ደግሞ የኛው ቦሎቄ። ቅቤ ካልገባበት ለጾም ይሆንሻል።)

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በዚያ አካባቢ ጂታ፣ ኩሪያና ሉኦ የሚባሉ ቋንቋዎችም ይነገራሉ። ስዋሂሊ የማይመቻቸው እናቶች ይመጡልሻል። እንጅባራ ገበያ ገብቶ በአገውኛ ሰላም ላለ ሰው የገበያተኛው ፊት እንዴት እንደሚፈታለት አይተሽ ታውቂ ይሆናል። የክሊኒኩ ታካሚዎች በብዛት የየትኛው ቋንቋ ተናጋሪዎች እንደሆኑ ጠይቂና ቢያንስ ሰላምታውን ያዢ።

ደብዳቤው ሲመጣ ግልባጩን ላኪልኝ፤ ሳትፈርሚ አብረን እናየዋለን።