ድነት ይጠፋል ወይ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «አንዴ የዳነ ለዘላለም ዳነ» እና «የቅዱሳን ጽናት» አንድ ናቸው?

መልስ፦ አይደሉም፤ የክርክሩ ግማሽ የሚመጣው ከዚህ መምታታት ነው። የካልቪናውያን አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የሆነው የዶርት ሲኖዶስ (ኔዘርላንድ፣ እ.ኤ.አ. 1618–1619) ያጸናው «የቅዱሳን ጽናት» ትምህርት፣ እግዚአብሔር የመረጣቸውን በእምነት ስለሚጠብቃቸው እስከ መጨረሻው ያምናሉ የሚል ነው። አማኝ ክፉኛ ሊወድቅ እንደሚችልም ዳዊትንና ጴጥሮስን ጠቅሶ ያስረዳል። በየመድረኩ የሚሰማው «አንዴ የዳነ ለዘላለም ዳነ» ደግሞ፣ እጁን አንሥቶ የንስሐ ጸሎት የደገመ ሁሉ በኋላ ክርስቶስን ቢክድም ድኗል ይላል። እኔ የፊተኛውን እንጂ ይህን አልቀበልም።

ጥያቄ፦ «ከእጄም ማንም አይነጥቃቸውም» (ዮሐ 10፥28) ይላል። በጉ ራሱ ቢወጣስ?

መልስ፦ ከሱ በፊት ያለውን ይመልከቱ፦ «ለዘላለምም አይጠፉም»። ግሪኩ እዚህ ላይ ሁለት አሉታ ደርቧል፣ «ኡ ሜ»፤ ፈጽሞ አይሆንም ለማለት ነው። በገዛ እግሩ የወጣም በግ ቢሆን ጠፍቷል፣ ስለዚህ ተስፋው እሱንም ይይዛል። ቁጥር 27 ግን አይዘለል፤ በጎቹ ድምፁን የሚሰሙና የሚከተሉት ናቸው።

ጥያቄ፦ ብርሃን የበራላቸውን፣ ሰማያዊውን ስጦታ የቀመሱትንና የመንፈስ ቅዱስ ተካፋዮች የሆኑትን፣ በኋላም የካዱትን እንደገና ለንስሐ ማደስ አይቻልም የሚለውን ዕብራውያን 6፥4–6ንስ?

መልስ፦ ከባዱ ይህ ነው። «ቢክዱ ለማለት ነው እንጂ አይሆንም» የሚለው ማምለጫ አያዋጣም፤ ግሪኩ «ቢ» የለውም። የ1954 ዓ.ም. የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም «በኋላም የካዱትን» ብሎ በትክክል አስቀምጦታል። እኔ የምይዘው ቁጥር 7 እና 8ን ነው፦ መሬቱ ዝናቡን ጠጥቷል፣ ያበቀለው ግን እሾህ ነው። በዝናቡ ላይ እንከን የለም። ቁጥር 9 ደግሞ ስለ አንባቢዎቹ «ለመዳን የሚሆነውን» ሲል ከዚያ ይለያቸዋል። ስለዚህ መቅመስና መዳን ሁለት ናቸው እላለሁ።

የዚህ ንባብ ደካማ ጎን «የመንፈስ ቅዱስ ተካፋዮች» የሚለው ነው። ያው የግሪክ ቃል በ3፥14 ስለ ክርስቶስ ተካፋዮች ይገኛል፤ ተቃዋሚዎቻችን ይህን ሲያነሡ ጥሩ አንሥተዋል። ያው ጥቅስ ግን «ሆነናል» ይላል፦ እስከ መጨረሻ ከጠበቅን ቀድሞውኑ ሆነን ነበር ማለት ነው። መጽናት ማስረጃ እንጂ ክፍያ አይደለም።

ጥያቄ፦ የመካነ ኢየሱስ አባል ነኝ። የኛም ትምህርት ይህ ነው?

መልስ፦ መካነ ኢየሱስ ሉተራዊት ናት፤ በሉተራን መሠረት አይደለም። የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ (እ.ኤ.አ. 1530) አንቀጽ 12፣ አንዴ የጸደቀ ሰው መንፈስ ቅዱስን ሊያጣ አይችልም የሚሉትን ያወግዛል። በኦርቶዶክስ ዘንድማ ድነት በጥምቀት፣ በቁርባንና በንስሐ ዕድሜ ልክ የሚኖሩት ስለሆነ ጥያቄው ራሱ መልኩን ይለውጣል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ዘማሪ ነበር፤ ዛሬ ክርስቶስን አላምንም ይላል። ድኖ ነበር?

መልስ፦ 1ኛ ዮሐንስ 2፥19 ስለ ወጡት «ከእኛ ወገን አልነበሩም» ይላል፤ ማቴዎስ 7፥23ም «ከቶ አላወቅኋችሁም» እንጂ «ድሮ አውቃችሁ ነበር» አይልም። ይህ ፍርድ ግን መጨረሻው ሲታይ ነው፤ ጴጥሮስም በዚያች ሌሊት ሦስት ጊዜ ክዷል። ለወንድምዎ «አይዞህ፣ ድነሃል» አይበሉት፤ «መጀመሪያም አላመንክም» ብለውም አይዝጉበት። ለማያምን ሰው የሚነገረውን ያንኑ ወንጌል ይንገሩት።

ጥያቄ፦ ዕብራውያን 6ን ሳነብ እንቅልፍ ይነሣኛል። የንስሐ ጊዜ ያለፈብኝ ይመስለኛል።

መልስ፦ ክፍሉ የሚናገረው ለንስሐ ሊታደሱ ስለማይችሉ ሰዎች ነው። መመለስ የሚፈልግ ሰው ከነዚያ ውስጥ የለም። የዳኑበትን ቀን መፈለግዎን ይተዉ፤ ዛሬ በማን እንደሚታመኑ ይጠይቁ። ሌሊት ሌሊት ጥቅስ እየገለበጡ ራስን መመርመሩም ይብቃ፤ ጠዋት፣ ከሌላ አማኝ ጋር ሆነው ሮሜ 8ን ከቁጥር 1 ጀምረው ያንብቡ።