መብራት ሲመጣ እጃችሁ የት ነው?

ባሕር ዳር ላይ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰፈሩ ሁሉ «መጣ!» ይላል። ልጆቹም፣ ፀጉር ቤቱም፣ ጁስ ቤቱም። እኔ ግን ያን ድምፅ ስሰማ አሁንም ሆዴ ይባባል። ከፖሊም (ከባሕር ዳሩ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት) ሆነ ከቴክኒክና ሙያ ወጥታችሁ ዘንድሮ የፋብሪካ ሥራ ለምትጀምሩት ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ወጣት ሳለሁ በአንድ ዘይት መጭመቂያ ቤት የጥገና ሠራተኛ ነበርኩ። ስሙን እንተወው። ኑጉን ወደ መጭመቂያው የሚገፋ ረጅም ቦይ ነበረን። ውስጡ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ብረት ይዞራል፤ «ስክሩ» ነበር የምንለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። ጓደኛዬ ስክሩ ላይ የተጋገረውን ኑግ በዚያው ላጽዳው ብሎ ክዳኑን ከፈተና እጁን ከተተ። እኔ ከግድግዳው ማዶ ቦርዱ ጋ ነኝ። መብራት መጣ። ግቢው ጮኸ። ሥራ ተከምሮብን ነበርና ሮጬ ማብሪያውን ከፍ አደረግኩት።

ከቀኝ እጁ ሁለት ጣቶቹን አጣ።

ዓመታት ሙሉ ያብሰለሰልኩት ነገር ይኼ ነው፦ ያን ቀን ሰነፍ ብሆን ኖሮ ጓደኛዬ ጣቶቹ አይቆረጡም ነበር። ማሽን ውስጥ እጃችሁን ስትከቱ የምትፈሩት ጠላት አይደለም። ጎበዙን፣ ታታሪውን፣ ሥራ እንዳይጓተት የሚሮጠውን ባልደረባችሁን ነው። እሱ ክፋት የለውም። አያያችሁም፣ በቃ።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ጓጉንቸር። በሙያው ቋንቋ ሎክአውት ታግአውት ይሉታል፤ ማብሪያውን ቆልፎ ካርድ ማንጠልጠል ማለት ነው። አሜሪካኖች በ1989 እ.ኤ.አ. አስገዳጅ ደንብ አውጥተውለታል። በኛም አገር የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ ሠራተኛውም የደኅንነት መሣሪያ እንዳያበላሽ ወይም እንዳያነሳ ያዛል። ወረቀቱ ግን እጃችሁን አይይዝላችሁም። ጓጉንቸሩ ይይዛል።

አሠራሩን ልንገራችሁ። መጀመሪያ በማሽኑ ለሚጠቀሙት ሰዎች «ልዘጋው ነው» ብላችሁ ንገሩ። ከዚያ አቁሙት፣ ዋናውን ብሬከር ጣሉ፣ የራሳችሁን ጓጉንቸር ግጠሙበት። ስማችሁና ቀኑ ያለበት ካርድም አንጠልጥሉ። ካርድ ብቻውን ግን አይበቃም። «አትንኩ» የሚል ወረቀት ላይ ሻይ ሲፈስበት፣ ተገንጥሎ መሬት ሲወድቅ ስንቴ አይቻለሁ።

ማቆሚያ ቁልፉን ተጭኜአለሁና ጠፍቷል አትበሉ። ቀዩ የአደጋ ማቆሚያም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቋርጠው የማዘዣውን መስመር ነው፤ ዋናው ኃይል እዚያው አለ። መብራት ጠፍቷል ማለትም ማሽኑ ተዘግቷል ማለት አይደለም። ጄነሬተር ያለበት ግቢ ከሆነማ ሳትዘጋጁ ሊነሳ ይችላል። በጥሩ ስታርተር (ኃይል ሲቋረጥ ራሱ በሚለቅ ማስነሻ) የሚሠራ ሞተር መብራት ሲመለስ በራሱ አይነሳም። በቢላ ስዊች (በእጅ በሚመለስ ተራ ማብሪያ) የሚሠራው ግን ስዊቹ «በርቷል» ላይ ከተረሳ ማንንም ሳይጠይቅ ይነሳል። ወፍጮ ቤቶቻችንን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ።

ደግሞ ኃይል ማለት ኤሌክትሪክ ብቻ አይደለም። እዚሁ ጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ሄዳችሁ አስቡት፤ ተርባይን ለመጠገን ብሬከር መጣል ምን ያደርጋል፣ ውኃው ካልተዘጋ? ኮምፕረሰር ውስጥ የታመቀ አየር፣ ቧንቧ ውስጥ የቀረ እንፋሎት፣ በጃክ የተነሳ ዕቃ፣ የተወጠረ ስፕሪንግ፣ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ውስጥ የቀረ ቻርጅ፤ ሁሉም አድፍጠው የሚጠብቁ ናቸው። አየሩን አስተንፍሱ፣ የተነሳውን አውርዱ ወይም ደግፉ፣ ካፓሲተሩ እስኪራገፍ ታገሡ።

ከዚያ ፈትሹ። ብዙ ሰው የሚዘላት እቺን ነው። ቴስተራችሁን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በምታውቁት መስመር ላይ ሞክሩት። ቀጥሎ የዘጋችሁትን ለኩ። እንደገና ወደ መጀመሪያው ተመለሱ። ቴስተሩ መሃል ላይ ሞቶ ቢሆንስ? በመጨረሻ ሰው አለመኖሩን አይታችሁ ማስነሻውን ተጫኑ። ካልተነሳ ወደ «ጠፍቷል» መልሱት። እጅ የሚገባው አሁን ነው።

አምስት ሆናችሁ ከሠራችሁ አምስት ጓጉንቸር ይሰቀላል። ብዙ ቀዳዳ ያለው ማንጠልጠያ አለ፣ ከሌለም ብየዳ ቤት ያሠራችኋል። የሰው ጓጉንቸር አትክፈቱ፤ መክፈቻችሁንም ለማንም አትስጡ፣ ለፎርማን እንኳ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፣ እኔው እከፍተዋለሁ» በሉ። ይቆጣል። ይቆጣ።

ሐይቁ ዳርም ያው ነው። ፎገራና ደንቢያ ገበሬው ከጣና ውኃ ሲስብ እምቦጭ ፓምፑን ያፍነዋል። አባት ከፍቶ እጁን ይሰዳል፤ ልጅ ሞተሩ ጋ ቆሞ «አባዬ፣ ልሞክረው?» ይላል። ነፋስ ካለ «ቆይ» የምትለው መልስ አትሰማም። እዚያ ጓጉንቸር መስቀያ የለም። ስለዚህ አባት ማስነሻ ገመዱን ወይም ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ይውረድ።

ጓደኛዬ አንድ ቀንም ወቅሶኝ አያውቅም። ያ ነው የከበደኝ። ዛሬ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር አብረን ቡና እንጠጣለን። ስኒውን በግራ እጁ ነው የሚይዘው። ለልምምድ የመጡ ልጆች ሲያገኙኝ ወደ ሱቁ እልካቸዋለሁ። ጓጉንቸሩን ከመደርደሪያው አውርዶ በቀኝ እጁ ያቀብላቸዋል። ዋጋ የተከራከረ ልጅ እስካሁን አልገጠመውም።