መልስ፦ ድሮ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቀጂው ከመቅዳት ሌላ ምን ይሠራ ነበር?

ወንድሜ፣ ጎንደር ውስጥ በቀጂነት ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ። መቅዳቱ ከሥራው ትንሹ ነበር።

መኪና ሲገባ መጀመሪያ ሰላምታ ነው። ከዚያ ቆጣሪውን እንመልስና «ዜሮ ነው፣ ይዩት ጋሼ» እንላለን። ባለመኪናው ሳያይ አይቀዳም። ናፍጣው እየወረደ መስታወቱ ይወለወላል፣ ኮፈኑ ይከፈታል። የዘይቱን ዘንግ መዘን፣ በጨርቅ ጠርገን፣ መልሰን ከተን እንደገና እንመዛለን። ትክክለኛውን ልክ የሚያሳየው ሁለተኛው ነው። ቀለሙንም ጣት ላይ አሽተን እናያለን።

ደባርቅን አልፎ የሚሄድ ከባድ መኪና ሲመጣ ደግሞ ጥንቃቄው ይብሳል። ከፊቱ ሊማሊሞ አለዋ! በወረራው ዘመን ጣሊያን የሠራው ያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ፍሬን ያግላል። የፍሬን ዘይቱን፣ የጎማውን ንፋስ፣ የራዲያተሩን ውሃ ሳናይ አንለቀውም። ሞተሩ ከጋለ ግን የራዲያተሩን ክዳን መንካት የለም፤ ፊት ይልጣል።

ጠዋት ጠዋት መሬት ውስጥ የተቀበረውን የነዳጅ ታንከር በረጅም ዘንግ እንለካለን። ጫፉ ላይ የሚቀባ ቅባት አለ፤ ከሥር ውሃ ከገባ ቀለሙ ይቀየራል። ክረምት ላይ ይህ የማይታለፍ ሥራ ነው። ላምባ ሊገዙ ጄሪካን ይዘው የሚመጡ እናቶችም ነበሩ። እነሱን ማስቆም ነውር ነው፣ ቶሎ ይሸኛሉ።

የጥምቀት ሰሞን ግን ሌላ ነው። ከተማው በእንግዳ መኪና ይሞላል፣ ምሳ የሚባል ነገር የለም። እኔ በጣም የምወደው ያንን ጊዜ ነበር።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ክፍያው በስልክ ሆኗል። ቀጂው አሁንም አለ፤ ኮፈን የሚያስከፍተው ግን እየጠፋ ነው። ያ በጣም ይቆጨኛል።