ዝናቡን አትክሰሱት፦ በወሎ ተራሮች ላይ ስለሚዘረጋ ገመድ አልባ ኢንተርኔት ጥያቄና መልስ

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቅ፣ ከከሚሴና ከወልድያ አነስተኛ የኢንተርኔት ማከፋፈያ የሚያስተዳድሩ የጠየቁት ነው። ተደጋጋሚዎቹ በአንድ ተጠቃለዋል።

ከሐይቅ፦ ጋሼ፣ ክረምት ከገባ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሊንኩ (ሁለት ራዲዮ የሚያገናኘው ገመድ አልባ መስመር) ይቆራረጣል። ርቀቱ 6 ኪሎ ሜትር፣ ፍሪኩዌንሲው 5.8 ጊጋኸርዝ ነው። የራዲዮውን ኃይል ልጨምር?

አትጨምር። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዶፍ እንኳ በዚህ ፍሪኩዌንሲ በአንድ ኪሎ ሜትር ግማሽ ዴሲቤል (የሲግናል መጨመርና መቀነስ መለኪያ) አይቀንስም። ዶፉ መንገዱን በሙሉ ቢሸፍነው ከ3 ዴሲቤል በታች ነው፤ በደንብ የተተከለ ሊንክ ይህን ልብ አይለውም። ዝናብ በእርግጥ የሚገድለው 60 ጊጋኸርዝን ነው።

የአንተን ጥፋተኛ በሰዓቱ ትለየዋለህ። ዝናቡ እንደጀመረ ሲግናሉ ወርዶ፣ ካባራ በኋላ ፀሐይ ወጥታ ቅጠሉ ሲደርቅ የሚመለስ ከሆነ ባሕር ዛፍ ነው። እርጥብ ቅጠል ከደረቅ ይልቅ ሞገድ ይውጣል፤ ባሕር ዛፍ ደግሞ ባለፈው ዓመት ከመስመርህ በታች ቢሆንም ዘንድሮ መሃሉ ላይ ሊቆም ይችላል። ዝናቡ ካቆመ ከሰዓታት በኋላም ካልተመለሰ ውኃ የገባበት ኬብል ወይም ጃክ ፈልግ። የኤተርኔት ፖርቱን ፍጥነት እይ፦ ከ1000 ወደ 100፣ ወይም ከ100 ወደ 10 ከወረደ ራዲዮውን ተወው፤ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። የሁለቱ የአንቴና መስመሮች ሲግናል ከ3 ዴሲቤል በላይ ከተለያየ ደግሞ ከአንቴናው ጋር ያለውን ማያያዣ ክፈትና ዝገት እይ። ሲግናሉ በነፋስ ብቻ የሚወዛወዝ ከሆነ ጥፋተኛው ምሰሶው ነው።

ኬብሉ ወደ ራዲዮው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ታጥፎ የውኃ መንጠባጠቢያ ጉልበት ይኑረው። ይህ ብቻ ብዙ ክረምት ያሻግራል።

ከኮምቦልቻ፦ ከደሴ አፋፍ ወደ ኮምቦልቻ ሊንክ ልዘረጋ ነው። ምን ያህል ሲግናል ልጠብቅ?

በቀጥታ መስመር 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ5.8 ጊጋኸርዝ ባዶ አየር ላይ የሚጠፋው 130 ዴሲቤል ነው። ራዲዮው 24 ዲቢኤም (የራዲዮ ኃይል መለኪያ) ቢያወጣ፣ በሁለቱም ጫፍ ባለ 25 ዴሲቤል ዲሽ ቢኖር፣ 24 ሲደመር 50 ሲቀነስ 130፣ ከዜሮ በታች 56 ይሆናል። ኃይሉን ከተፈቀደው ጣሪያ አታሳልፍ፤ ከቀነስክ ሒሳቡ በዚያው ልክ ይወርዳል። የተገኘው ከሒሳቡ በ3 ወይም በ4 ቢጎድል አትጨነቅ። ከዜሮ በታች 75 ካነበብክ ግን ዲሹ በዋናው ጨረር ሳይሆን በደካማው የጎን ጨረር ተያይዟል ማለት ነው። ይሄ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሊንኩ ስለተያያዘ ብቻ ሰው ብሎኑን አጥብቆ ይወርዳል።

የደሴው ጫፍ ከኮምቦልቻው በ600 ሜትር ገደማ ይበልጣል። በ13 ኪሎ ሜትር ላይ 3 ዲግሪ የሚጠጋ ቁልቁለት ነው፤ የላዩን ዲሽ ያንን ያህል ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ አቅና። አቅጣጫን በኮምፓስ ስትለካ ከብረት ምሰሶው ራቅ በል፣ መርፌውን ያስታል። ከዚያ አንደኛው ጫፍ ሳይነካ ሌላውን በጣም በዝግታ ወደ ጎን አዙር። ንባቡ ስለሚዘገይ በየንቅናቄው 10 ሰከንድ ጠብቅ። ከፍተኛውን አልፈህ መውረድ ሲጀምር አይተህ ተመለስ። ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ቀጥሎ ሌላው ጫፍ።

መስመሩ በዓይን መታየቱ ብቻውን አይበቃም። መሃል ላይ በመስመሩ ዙሪያ 13 ሜትር ራዲየስ ያለው ቀጠና አለ፤ ቢያንስ 60 በመቶው፣ 8 ሜትር ገደማ፣ ከዛፍና ከተረተር ነጻ ይሁን።

ከከሚሴ፦ ራዲዮው ማታ ማታ ራሱን ያጠፋል፣ ያበራል። ኬብሉ 80 ሜትር ነው።

ኬብሉን በቢላ ፋቅ። ከመዳቡ ሥር ነጭ ካየህ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው፤ ገበያው በእርሱ ተሞልቷል። በ24 ቮልት ፓሲቭ ፒኦኢ (በዚያው በኢንተርኔቱ ኬብል ለራዲዮው ኃይል መላኪያ) 100 ሜትር ንጹሕ መዳብ ደርሶ መልስ 8.4 ኦም ገደማ አለው፤ ራዲዮው ግማሽ አምፔር ሲስብ 4 ቮልት ይጠፋል። አሉሚኒየሙ የዚያን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ያባክናል። ማታ ደንበኛ ሲበዛ ራዲዮው የበለጠ ይስባል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ይጠፋል። ንጹሕ መዳብ፣ ለውጪ የተሠራ፣ ጋሻ ያለው ኬብል ተጠቀም።

ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ሁሉም ደንበኛ ቀርፋፋ ነው ይለኛል። 50 ሜጋቢት ገዝቼ ለ40 ደንበኛ ባለ 5 ሜጋቢት እሸጣለሁ። ተጨማሪ መስመር ልግዛ?

አብሽር፣ ገንዘብህን ገና አታውጣ። 40 በ5 ሲባዛ 200 ነው፤ በ50 ላይ አራት ለአንድ መሆኑ በራሱ ነውር የለውም። የጠበበው የቱ ቦታ እንደሆነ ለይ። ልክ በዚያ ሰዓት ሦስት ፒንግ (መልስ ደርሶ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ መለኪያ) አድርግ፦ ከደንበኛው ወደ ማማው፣ ከማማው ወደ ዋናው ራውተር፣ ከራውተሩ ወደ 8.8.8.8 (በውጪ ያለ የጉግል አድራሻ)። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ጥፋተኛው ነው።

ዝላዩ ከደንበኛ ወደ ማማው ከሆነ የገዛኸው መስመር አይደለም፣ አየሩ ነው። ሰክተሩ (ማማው ላይ ያለው የብዙ ደንበኞች አንቴና) በአንድ ጊዜ ከአንድ ደንበኛ ጋር ነው የሚነጋገረው። በ100 ሜጋቢት የሚነጋገር ደንበኛ 5 ሜጋቢት ለማውረድ ከአየሩ ጊዜ 5 በመቶ ይወስዳል። ሲግናሉ ከዜሮ በታች 80 ላይ ተንጠልጥሎ በ10 የሚነጋገረው ግን ያንኑ 5 ለማውረድ ግማሹን ይወስዳል። እንዲህ ያሉ ሁለት ሰዎች ማማውን ይዘጉታል። የደንበኞችን ዝርዝር በሲግናል ደርድር፤ ከታች ላሉት ትልቅ ዲሽ ስጥ ወይም ወደ ሌላ ማማ አዙር። ሁለቱም ካልሆነ ውላቸውን አቋርጥ፤ ይከብዳል፣ ግን ሌሎቹ 38 በእነርሱ ምክንያት ይሄዳሉ። አንዱ የደንበኛ ራዲዮ የሌላውን ሞገድ ስለማይሰማም ለየአንዳንዱ ተራ የሚሰጠውን የጊዜ ክፍፍል ማብራትህን አረጋግጥ፤ በመደበኛው ዋይፋይ መተው ማጋጨት ነው። የቻናል ስፋቱንም ከ40 ወደ 20 ሜጋኸርዝ ብታጠብ ጩኸቱ (ራዲዮው የሚሰማው የማይፈለግ ሞገድ) በ3 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ከተማ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ዝላዩ ከዋናው ራውተር ወደ ውጪ ከሆነ ወረፋው የሚጠራቀመው አንተ በማታዝዘው መሣሪያ ውስጥ ነው። ማይክሮቲክ ራውተር ላይ አጠቃላይ ገደቡን 47 ሜጋቢት አድርገህ ወረፋውን ወደ ራስህ አምጣ፤ የሶፍትዌሩ ስሪት 7 ከሆነ fq_codel (ወረፋውን በፍትሐዊነት የሚያካፍል ዘዴ) ምረጥ። ፋስትትራክ (የራውተሩ አቋራጭ መንገድ) በርቶ ከሆነ ግን ገደብህን ዘሎ ስለሚያልፍ አጥፋው። መስመር መግዛት የሚመጣው ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም 47ቱ ሲሞላ ነው።

ከደሴ፣ ሆጤ፦ ማማው ሥር ያሉት ደንበኞች ከሩቆቹ የከፋ ሲግናል ያገኛሉ። እንዴት ይሆናል?

የተራራ ጣጣ ነው። አንቴናው ከከተማው በ300 ሜትር ከፍ ቢል፣ 1.5 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ደንበኛ 11 ዲግሪ ወደ ታች ነው ያለው። ብዙ ሰክተሮች ቁመታዊ ጨረራቸው ከ10 ዲግሪ በታች ስለሆነ ከራሱ በላይ ያልፋል። አንድ ሰክተር አዘንብለህ ለቅርቦቹ መድብ። ከጦሳ ተራራ ወገብ በታች ዝቅ ያለ ቦታ ካገኘህ ደግሞ ከጫፉ ይሻላል፤ ከፍታ ሁሉ በረከት አይደለም።

ከወልድያ፦ በድንገት ግማሹ ደንበኛ 192.168.0 የሚል አድራሻ አገኘ፣ ኢንተርኔት ግን የለም።

አንዱ ደንበኛ ራውተሩን ገልብጦ ሰክቷል፤ የኢንተርኔቱን ኬብል ከዋን (የውጪው ወደብ) ይልቅ ላን (የቤቱ ወደብ) ላይ። ራውተሩ የራሱን አድራሻ ለጎረቤት ያድላል። ደንበኞችን እርስ በርስ እንዳይገናኙ ለይ፤ ፒፒፒኦኢ (ደንበኛው በስምና በይለፍ ቃል የሚገባበት ዘዴ) ብትጠቀም ደግሞ ይህ ጣጣ አይነካህም። ያኔ ኤምቲዩው (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) 1492፣ የኤምኤስኤስ (በፓኬቱ ውስጥ ያለው የመረጃ መጠን) ጣሪያው 1452 ይሁን፤ አለዚያ አንዳንድ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ይንጠለጠላል።

ከሐይቅ፣ በዕድሜ ከገፉ ጠያቂ፦ ልጄ፣ መብራት ሲጠፋ ማማው አብሮ ይጠፋል። ስንት ባትሪ ይበቃኛል?

አባቴ፣ መጀመሪያ ጭነትዎን ይደምሩ። ሁለት ራዲዮ 16 ዋት፣ ራውተር 6፣ ስዊች 8 ቢሆን 30 ዋት፣ በቀን 720 ዋት ሰዓት ነው። ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜው እንዲረዝም ግን ግማሹን ብቻ ይጠቀሙ። ሁለት ባትሪ ብክነቱ ተቀንሶ ከአንድ ቀን በላይ ያቆምዎታል። ለሶላር 300 ዋት ያድርጉ፤ በበጋ 200 ይበቃ ነበር፣ የሐምሌን ደመና ግን ማሰብ ይገባል። ኢንቨርተር አያስገቡ፤ ለዚህ ትንሽ ጭነት ለራሱ የሚበላው ይከብዳል። ከ12 ወደ 24 ቮልት የሚያሳድግ መሣሪያ በቂ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ መብረቅ በአንድ ክረምት ሁለት ራዲዮ አቃጠለ።

በቀጥታ ቢመታ የሚያድን የለም፤ አብዛኛው ጉዳት ግን አጠገብ የወደቀው ነው። ጋሻ ያለው ኬብል፣ የብረት ጃክ፣ በላይና በታች አንድ አንድ የመብረቅ መከላከያ፣ ምሰሶው በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ከምድር ዘንግ ጋር የታሰረ። ዘንጉ ከ10 ኦም በታች ይለካ፤ ድንጋያማ ኮረብታ ላይ አንዱ ስለማይበቃ ሁለት ሦስት ቀብረህ አገናኛቸው። የቤቱ ኧርዝ ከማማው ኧርዝ ጋር ይታሰር፤ ተለያይተው ከቀሩ ልዩነቱ በራውተርህ በኩል ያልፋል።

ከከሚሴ፦ ፈቃድ ያስፈልጋል?

አዎ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቁሟል፤ ለሌላ ሰው ኢንተርኔት መሸጥ የእርሱ ፈቃድ ይፈልጋል። ከቴሌኮም ድርጅቱ ጋር ያለህ ውልም መልሶ መሸጥን ይፍቀድ፣ አንብበው።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ ደንበኛ «ጠፋ» ብሎ ሲደውል መጀመሪያ ምን ልይ?

ሦስት ሰዓቶችን። ራዲዮው ከተነሣ ስንት ጊዜ ሆነው? ሊንኩ ከተያያዘ ስንት? የፒፒፒኦኢ ክፍለ ጊዜው ስንት? ራዲዮው ራሱ 5 ደቂቃው ከሆነ መብራት ወይም ኬብል ነው፤ መሰላሉን አታንሣ፣ ሶኬቱን እንዲያይ ንገረው። ራዲዮው ወር ሆኖት ሊንኩ 5 ደቂቃው ከሆነ አየሩ ነው፤ የተከላ ቀኑን ሲግናል ከዛሬው ጋር አወዳድር። ሁለቱም ወር ሆኗቸው ክፍለ ጊዜው ብቻ ትኩስ ከሆነ የደንበኛው ራውተር ነው ወይም የአንተ። ለዚህ ግን የተከላ ቀኑ ቁጥር ተጽፎ መገኘት አለበት፦ የሁለቱም ጫፍ ሲግናል፣ ጩኸት፣ ቻናል፣ የኬብሉ ርዝመት፣ ከታች የተለካው ቮልት።