«ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ ነጥብ» ይባላል?

ጥያቄ፦ «ለተማሪዎቼ ስለ ኦፕቲማይዜሽን (ከሁሉ የተሻለውን መልስ ስለ መፈለግ) በአማርኛ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። ‹ግሎባል ሚኒመም›ን ‹ዓለም አቀፍ ዝቅተኛ ነጥብ› ብዬ ብጽፈው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ምን ልበለው?»

መልስ፦ ቢስቁም አልፈርድባቸውም። «ዓለም አቀፍ» ሲባል ጉባኤና በረራ ነው የሚታየን። እዚህ የሚወዳደሩት ግን የአንድ ቀመር ውጤቶች ናቸው። ለማበላለጥ አማርኛ «ከሁሉ» አለው፤ «ከሁሉ ዝቅተኛ» ይበሉት። «ሎካል ሚኒመም» ደግሞ «በአካባቢው ዝቅተኛ» ይሁን።

እስቲ በዚህ ቀመር እንሞክረው፦ 3ሀ⁴ − 4ሀ³ − 12ሀ²። ሀ −1 ሲሆን ውጤቱ −5 ነው። ከዚያ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ትንሽ ፈቀቅ ቢሉ ውጤቱ ከፍ ይላል። ስለዚህ −5 በአካባቢው ዝቅተኛ ነው። ሀ 2 ሲሆን ግን −32 ይመጣል፤ ከዚህ የሚወርድ የለም። ከ−3 ተነሥቶ በትንንሽ እርምጃ ቁልቁለቱን ብቻ የሚከተል ፕሮግራም −5 ላይ ይቆማል። ዙሪያው ዳገት ነዋ! ቀመሩ ኮንቬክስ (ሥዕሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ወደ ላይ ብቻ የተከፈተ) ቢሆን ይህ ጣጣ አይኖርም ነበር፤ እዚያ በአካባቢው ዝቅተኛ የሆነ ከሁሉም ዝቅተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ኪርክፓትሪክና ባልደረቦቹ ያስተዋወቁት ሲሙሌትድ አኒሊንግ የተባለ የፍለጋ ዘዴ አልፎ አልፎ ሽቅብ መውጣትን የሚፈቅደውም ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ ለማምለጥ ነው።

ታዲያ «ከሁሉ» ሲሉ ከየትኛው ሁሉ? ይህን ሳይገልጹ አይለፉ። ሀ ከ0 እንዳይበልጥ ከተባለ ያው −5 ከሁሉ ዝቅተኛ ይሆናል።

«ዝቅተኛው ነጥብ» ሲሉም ጠንቀቅ ነው። ያቺ «ው» አንድ ብቻ እንዳለ ታስመስላለች። (ሀ² − 1)² ላይ ሀ 1 ቢሆንም −1 ቢሆንም ውጤቱ 0 ነው። ዋጋው አንድ፣ ነጥቦቹ ሁለት። «ዝቅተኛው ዋጋ» ቢሉ ግን ማንም አያርምዎትም።

«ሚኒማይዝ ማድረግ»ን «መቀነስ» የሚሉትም አሉ፤ እኔ አይጥመኝም። ከ100 ብር ወጪው 1 ብር ያወረደም ቀንሷል። «ከሁሉ ዝቅተኛውን መፈለግ» ይሻላል። «ማግኘት»ን ግን ለተረጋገጠ ነገር ያቆዩት። ብዙዎቹ ዘዴዎች በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ጥሩ መልስ ይዘው ይመጣሉ እንጂ ከዚያ የሚያንስ አለመኖሩን አያረጋግጡም። ብራንች ኤንድ ባውንድን የመሰሉት ግን «ከዚህ በታች አይወረድም» የሚል ወሰን እያሰሉ ስለሚሄዱ፣ ወሰኑና የተገኘው መልስ ሲገጥሙ «አገኘ» ቢሏቸው ያምርባቸዋል።