ኡቡንቱ ከተሻሻለ በኋላ ሼር ፎልደሩ «ሆስት ኢዝ ዳውን» ካለ

አብሽሪ እህቴ፣ ፋይሎችሽ የትም አልሄዱም።

በገባኝ መጠን ነገሩ ይሄ ነው። ኮምቦልቻ ባለው ማተሚያ ቤትሽ የዲዛይን ፋይሎቹ አንድ አሮጌ ናስ (በኔትወርክ የሚገናኝ የፋይል ማስቀመጫ) ላይ ይቀመጣሉ። ዲዛይን የምትሠሪበትን ኮምፒውተር ኡቡንቱ ከ16.04 እያሻሻልሽ 22.04 አደረስሽው። ከዚያ ፎልደሩ ማውንት አልሆን (ከኮምፒውተሩ ጋር አልገናኝ) አለ፤ «ስህተት 112፣ ሆስት ኢዝ ዳውን» ይላል። ዊንዶውስ 7 ያለበት ሌላው ኮምፒውተር ግን ያንኑ ፎልደር ይከፍታል።

ኬብልና ስዊች ቀይሪ ያሉሽን ተያቸው። ናሱ ሞቶ ቢሆን ዊንዶውስ 7ቱስ ከየት ይከፍተው ነበር? መልእክቱ ነው የሚያሳስተው።

ሁለቱ ዕቃዎች የሚግባቡት ኤስኤምቢ በሚባለው ፕሮቶኮል ነው። አሮጌ ናስ ብዙ ጊዜ ቨርዥን 1ን ብቻ ነው የሚያውቀው። ኡቡንቱ የቆመበት የሊኑክስ ከርነልም (የሲስተሙ እምብርት) ድሮ ሌላ ካልታዘዘ በቨርዥን 1 ነበር የሚጀምረው። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው ከርነል 4.13 ይህን ቀየረው። አሁን ካላዘዝሽው በቀር ከ2.1 በታች አይወርድም። 16.04 ሲወጣ ከርነሉ 4.4 ነበር፤ የ22.04 ደግሞ 5.15 ነው። አሮጌውን መቶ ብር ይዞ ዛሬ ሰኞ ገበያ እንደመውጣት ነው፤ ብሩ ብር ነበር፣ የሚቀበል ግን የለም።

ለውጡ ያለ ምክንያት አልመጣም። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ዓለምን ያተራመሰው ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የተዛመተው በዚሁ በቨርዥን 1 ቀዳዳ ነው።

አሁን ቴርሚናል ክፈቺና በሱዱ «ዲሜሴጅ» (sudo dmesg) በዪ፤ የከርነሉን መልእክቶች ያሳይሻል። መጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቢ። ቨርዥን አልተጠቀሰም፣ ነባሪው (ካልታዘዘ የሚጠቀምበት) ተቀይሯል፣ ለአሮጌ ሰርቨር «ቨርስ» 1.0 (vers=1.0) በዪ የሚል ረጅም ዓረፍተ ነገር ካገኘሽ ነገሩ አለቀ። ከርነሉ ራሱ መድኃኒቱን ጽፎልሻል፤ የሚያነበው ነው የጠፋው። ሌላም ማረጋገጫ አለ፦ አዲስ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የተጫነበት ላፕቶፕ ፈልጊና ሞክሪ። እሱም ቨርዥን 1ን ከነባሪው ስላወጣው ብዙ ጊዜ እምቢ ይላል።

ወዲያው ግን 1.0 ላይ አትዝለዪ። በማውንት ኦፕሽኑ «ቨርስ»ን 3.0፣ ከዚያ 2.1፣ ከዚያ 2.0 እያደረግሽ ውረጂ። 2.0ን ብቻ የሚያውቁ ዕቃዎች አሉ፤ እነሱም በነባሪው አይከፍቱም። የናሱን ሴቲንግ ገጽም እዪው፤ አንዳንዱ ኤስኤምቢ 2 እያለው ጠፍቶ ይቀመጣል። ሁሉም እምቢ ካለ 1.0 ይሁን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሁለተኛ በር አለ። ድሮ የተጻፈ የማውንት መስመር «ሴክ» (sec) በሚለው ቦታ «ኤንቲኤልኤም» (ntlm) ካለበት አይሠራም። 5.15 ያንን አሮጌ የፓስዎርድ ማረጋገጫ ጭራሽ አውጥቶ ጥሎታል። በ«ኤንቲኤልኤምኤስኤስፒ» (ntlmssp) ቀይሪው። ናሱ ይህንንም ካላወቀ በ22.04 ከርነል ማውንት ላይሆን ይችላል፤ ያኔ ፋይሉን በዊንዶውስ 7ቱ በኩል ማውጣት ነው።

1.0 ሠራ ብለሽ ግን እንዳትዘናጊ። ያ ለመሸጋገሪያ ነው። ጥግ ላይ የተቀመጠ ደህና ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር ካለሽ ኡቡንቱና ሳምባ (ፎልደር በኔትወርክ የሚያጋራ ፕሮግራም) ጫኝበትና ፋይሎቹን ወደዚያ አዙሪ። እስከዚያ ናሱን ከኢንተርኔት አርቂው። ደንበኛ ይዞት የመጣ ላፕቶፕም እዚያው ኔትወርክ ላይ አይግባ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ መብራት ስለሚጠፋብን። ሲመለስ ናሱ ከኮምፒውተሩ ዘግይቶ ይነሳል። የማውንት መስመሩ «ኤፍስታብ» (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያነበው የማውንት ዝርዝር፣ fstab) ውስጥ ካለና «ኖፌይል» (nofail) ካልተጨመረበት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ናሱን እየጠበቀ ሊዘገይ ይችላል። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ያ አያስፈልግሽም፤ ዛሬውኑ ጨምሪው።

ዲሜሴጁ ከዚህ የተለየ ካወጣ መስመሮቹን እንዳሉ ገልብጠሽ ላኪ፤ ፓስዎርድሽን ብቻ አጥፊ።