ድረ ገጹ የባለሱቁ ይሁን፦ ለድሬና ለሐረር ወጣት ሠሪዎች

ሰሞኑን አንድ የድሬ ልጅ «ለትንሽ ሆቴል ድረ ገጽ ስሠራ ስንት ላስከፍል?» ብሎ ጠየቀኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ የእንጀራ ጉዳይ ነውና። ግን ከዋጋው የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ እሱን የሚያነሳ ስለማይገኝ መልሱን ለሁላችሁም ልጻፈው። ዶሜኑ፣ ማለትም የድረ ገጹ አድራሻ፣ የሚመዘገበው በማን ስም ነው?

ሐረር ጀጎል ውስጥ ያለ የእንግዳ ማረፊያ አስቡ። ባለቤቷ በዶላር የሚከፍል ካርድ የላትም፤ ሠሪውም የለውም። ስለዚህ ውጭ አገር ያለ የአጎት ልጅ በካርዱ ይከፍላል፣ ዶሜኑም በእሱ ኢሜይል ይመዘገባል። የመጀመሪያው ዓመት በሰላም ያልፋል። በዓመቱ የካርዱ ጊዜ አልፏል፤ የእድሳት ማስታወሻው የሚሄደው ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ነው፤ ድረ ገጹም ይጠፋል። ዶት ኮም ከሆነ መጀመሪያ እንደየሻጩ የሚለያይ የእፎይታ ጊዜ አለ፤ በዚያ ውስጥ በመደበኛው ዋጋ ይታደሳል። ያ ካለፈ 30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ይመጣል፤ እዚህ ላይ ከእድሳቱ ሌላ ጠንከር ያለ ክፍያ ይጠየቃል። ከዚያ 5 ቀን ተቆልፎ ይቆይና ለማንም ክፍት ይሆናል። እንዲህ የተለቀቁ ስሞችን እየጠበቁ የሚገዙ ነጋዴዎች አሉ። ባለቤቷ በቢዝነስ ካርዷና በበሯ ሰሌዳ ላይ ያስጻፈችው አድራሻ የቁማር ማስታወቂያ መክፈት ይጀምራል። እንግዳውም ቤቱ የተዘጋ መስሎት ሌላ ቦታ ያድራል። በዚህ መንገድ የሚጠፉ መልካም ሥራዎች ከሁሉ በላይ ይቆጩኛል፤ ኮዱ ላይ አንዳች ጉድለት ሳይኖር የሚደርስ ጥፋት ነውና።

ማስቀረቱ ከባድ አይደለም። ሥራውን በጀመራችሁበት ቀን ለድርጅቱ የራሱ ኢሜይል ክፈቱ፤ የይለፍ ቃል ሲጠፋ የሚደወልበት ስልክ የባለቤቷ ይሁን። ዶሜኑ፣ ሆስቲንጉ (ድረ ገጹ የሚቀመጥበት የኪራይ ቦታ)፣ ጎግል ካርታ ላይ ያለው ገጽ ሁሉ በዚያ ኢሜይል ይመዝገብ። ለዶት ኮም እስከ 10 ዓመት አስቀድሞ መክፈል ይቻላል፤ ካርድ ያለው ሰው በተገኘ ጊዜ ቢያንስ የ3 ዓመት ክፈሉ። የዶላሩ ጣጣ ካልተፈታ በዶት ኢቲ (.et) የሚያልቅ የአገራችን ዶሜን ከኢትዮ ቴሌኮም በብር ይገኛል። የራሳችሁን ዋጋ ደግሞ የመሥሪያና የዓመት ጥገና ብላችሁ ለያይታችሁ ውሉ ላይ ጻፉ። አንዴ ከፍሎ የጨረሰ የመሰለው ባለሱቅ በዓመቱ ስትደውሉለት በጥርጣሬ ያያችኋል።

ስለ ዲዛይን ብዙ አልልም፤ ዓይናችሁ ከእኛ ዘመን ሰዎች ይበልጣል። የማልወድላችሁ ልማድ ግን አለ፦ ሥራውን ፈጣን ዋይፋይ ባለበት፣ በላፕቶፕ ብቻ አይታችሁ ታስረክባላችሁ። ገጹን የሚከፍተው ሰው ቀፊራ ገበያ ቆሞ፣ በርካሽ ስልክ፣ በገዛው ፓኬጅ ነው። የማረፊያውን ነደባ (የሐረር ቤት መደብ) እና ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ስፌት በስልክ ስታነሱ አንዱ ፎቶ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ወደ 1200 ፒክስል ስፋት አሳንሳችሁ ዌብፒ (WebP) በሚባለው ቀላል የፎቶ ፋይል ዓይነት ስታስቀምጡት ብዙ ጊዜ ከ200 ኪሎባይት በታች ይወርዳል፤ በስልክ ላይ ልዩነቱ አይታይም። የፎቶውን ስፋትና ቁመት ኮዱ ውስጥ ጻፉ፤ አለዚያ ፎቶው ዘግይቶ ሲመጣ ጽሑፉን ወደ ታች ይገፋውና ሰውየው «ደውል» የሚለውን ሊነካ ሲል ሌላ ነገር ይነካል።

ፎርም ላይ በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ብቻ የሚቀበል ኮድ ዛሬም አያለሁ። ሳፋሪኮም ሙከራውን በነሐሴ 2014 የጀመረው እዚሁ ድሬዳዋ ሆኖ ሳለ የ07 ደንበኛን መመለስ ያሳዝናል። 09ንም፣ 07ንም፣ የ025 መደበኛ ስልክንም፣ በመካከሉ ክፍተት ያለውንም ተቀበሉ፤ ስታስቀምጡ ግን ሁሉንም በ+251 ጀምሮ 9 አኃዝ በሚከተልበት መልክ አንድ አድርጉ። አለዚያ አንዱ ደንበኛ ሦስት ሰው ሆኖ ይመዘገባል።

ፍለጋም እንዲሁ ነው። አንዱ «ሐረር» ሌላው «ሀረር» ብሎ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለቱ አይገናኙም። ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ ሁሉንም ከነዘራቸው የሚለውጥ አጭር ፋንክሽን ጻፉና የተፈለገውንም የተቀመጠውንም ቃል በዚያ አሳልፋችሁ አወዳድሩ። ለአንባቢ የሚታየውን ጽሑፍ ግን አትንኩት። የማረጋገጫ ኤስኤምኤስ በአማርኛ ስትልኩ አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን 160 ይይዛል። ባዶ ቦታም ይቆጠራል። 71ኛው ሲጨመር መልእክቱ ለሁለት ይከፈላል፣ ሂሳቡም የሁለት ይሆናል።

ክፍያ ላይ ቸኩላችሁ አትለፉ። ብዙዎች «እናመሰግናለን» የሚለው ገጽ ሲከፈት ትዕዛዙን ተከፍሏል ብለው ይመዘግባሉ። ሰውየው በቴሌብር ፒኑን አስገብቶ ብሩ ከተቆረጠ በኋላ ኔትወርክ ቢጠፋ ያ ገጽ አይከፈትም፤ ብሩ ሄዷል፣ ባለሱቁ ዘንድ ግን ትዕዛዝ የለም። የገጹን አድራሻ ያወቀ ሰው ደግሞ ሳይከፍል ሊከፍተው ይችላል። ስለዚህ ደንበኛው ወደ ክፍያ ከመሄዱ በፊት ትዕዛዙን መለያ ቁጥር ሰጥታችሁ «በመጠባበቅ ላይ» ብላችሁ መዝግቡ። ክፍያውን የሚያስተናግደው ድርጅት በቀጥታ ወደ ሰርቨራችሁ ማሳወቂያ ይልካል፤ ከእሱ መምጣቱን አረጋግጡ፣ የብሩን መጠን ከትዕዛዙ ጋር አመሳክሩ፣ ከዚያ «ተከፍሏል» በሉ። ያው ማሳወቂያ ሁለቴ ሊመጣ ስለሚችል በመለያ ቁጥሩ እያያችሁ ሁለተኛውን ተቀብላችሁ ብቻ እለፉት፤ ዕቃው ሁለቴ እንዳይላክ። ማሳወቂያ ሳይመጣላቸው ስለዘገዩ ትዕዛዞች በየጥቂት ደቂቃው ድርጅቱን የሚጠይቅ ፕሮግራምም ይኑራችሁ።

ይህን ሁሉ ከዘረዘርኩ በኋላ እንዲህ ማለቴ ያስገርማችሁ ይሆናል፤ አብዛኛው ትንሽ ሱቅ የኦንላይን ክፍያ አያስፈልገውም። ፎቶ፣ ዋጋ፣ ካርታ፣ ሲነኩት የሚደውል ቁጥርና የቴሌግራም ሊንክ ይበቃዋል። የመክፈቻ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጻፉ፤ ጎግል ካርታ ላይ ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት 8:00 ተብሎ ይሞላል። አርብ ለጁምዓ የሚዘጉ ከሆነ ያንን ሰዓት ለብቻው አስገቡ።

በርክክቡ ቀን ዶሜኑ የት እንደተመዘገበና መቼ እንደሚታደስ በሁለቱም ካላንደር ጽፋችሁ ለባለቤቷ ስጡ። የይለፍ ቃሉን ራሷ ትቀይረው። ከዚያ በራሷ ስልክ የአንድ ክፍል ዋጋ ትለውጥ፤ እናንተ ስልኩን አትንኩ። የት ጋ እንደቆመች ልብ በሉ፤ እዚያ ያለውን ገጽ አቅልላችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሳችሁ ሂዱና እንደገና አስሞክሯት።